የወይዘሮ ሐመልማል አጥንት

በሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት በደሴ ከተማ፣ የወር አበባዋ የቆመ ሴት ሁሉ ነፋስ ጫማዋን ሳታጠልቅ ከአልጋዋ አትወርድም ነበር። ጫማው ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ሲተነፍስ ያድራል፤ ሲነጋ ባለቤቲቱ እግሯን ስታስገባ «ፍስስ» ይልና የሰውነቷን ክብደት ሦስት ቦታ ከፍሎ ሁለቱን እጅ ይሸከምላታል። ስልሳ ኪሎ የምትመዝን ሴት በምድር ላይ የምታርፈው እንግዲህ በሃያው ብቻ ነው። ከዚያም የአጥንት ጥበቃ ቢሮ የሚያድለውን ነጭ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ጎማ በለበሰው ወለል ላይ ሁለት ሦስቴ ነጠር ነጠር ብላ ወደ ደጅ ትወጣለች።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች ነገሩ ለተመልካች ደስ የሚያሰኝ ነበር። በማለዳ ወደ ፒያሳ የሚወጡት እናቶች የአራቱን እርምጃ መንገድ በአንድ እየዘለሉ፣ ነጠላቸው ከኋላቸው እንደ ክንፍ እየተዘረጋ፣ እንደ ሚዳቋ ሲወጡ ይታያሉ። ከጦሳ ተራራ ነፋስ የተነሣ ዕለት ግን በመንገዱ ዳር የተዘረጋውን ብረት መያዝ ግድ ነው። አንድ የጥቅምት ቀን ብረቱን መያዝ የረሱ ሴት ከዳቦ ቤት በር ተነሥተው፣ ሁለት አጥር ተሻግረው፣ ከማያውቁት ሰው ግቢ ዐርፈዋል። ሰውዬውም ምሳ አብልቶ ሸኝቷቸዋል።

«በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም የዳሌ ስብራት አልተመዘገበም» ይላል ቢሮው በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ። መግለጫው እውነት ነበር። የሚወድቅ ሰው አልነበረም፤ ለመውደቅም ክብደት ያስፈልጋልና።

እያንዳንዷ ሴት ቁጥር የተጻፈበት የአጥንት ካርድ ነበራት። ቁጥሩ ስልሳና ከዚያ በላይ የሆነላት ሴት የማንሳት ፈቃድ አላት። ከስልሳ በታች የሆነችው ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ከምድር ማንሳት አይፈቀድላትም። ሁለት ኪሎ ማለት አንድ ደኅና ጥቅል ጎመን ነው። ጎመኑ ደልደል ያለ እንደሆነ ሻጩ በቢላዋ ለሁለት ይከፍለውና «ግማሹን ነገ ተመልሰሽ ውሰጂ» ይላል። ሰው ሁሉ ይህን ለምዶት ነበር። የሰው ልጅ የማይለምደው ነገር የለም።

የወይዘሮ ሐመልማል ካርድ አርባ አንድ ይላል።

ሐመልማል የአምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከፒያሳ እስከ ጦሳ አናት በሰማይ የሚመላለሰው የገመድ መኪና ተቆጣጣሪ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለደችም። ነገር ግን የልብ ጓደኛዋ ሰላማዊት ስትሞት ትታላት የሄደች ኖላዊት የምትባል ልጅ አለቻት። ከሐመልማል ቤትና ከአባቷ ቤት እየተመላለሰች ያደገችው ይህች ልጅ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ሐመልማል አራስ ለመጠየቅ በሦስት ዝላይ ደረሰች። ሕፃኗን ግን አላቀፈቻትም፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነበረችና። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በአንድ ጣቷ ጉንጯን ነካ አደረገች።

«እትዬ» አለች ኖላዊት፣ «እማዬ ስትሞት ያለችውን አልረሳሁትም። ‹የልጅሽን ልጅነት ባላይም፣ ከጥምቀቱ ውኃ የምትቀበላት ሐመልማል ናት› ነበር ያለችው።»

«እኔስ መች ረሳሁት?»

«የደብሩ ጸሐፊ ግን የክርስትና እናት የማንሳት ፈቃድ ከሌላት መዝገብ ላይ አልጽፍም አለ። መዝገቡ ከመንግሥት መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው አለ። አማቴም ይህን ሰምተው እኅታቸው ወይዘሮ ትርሐስ ትሁን ብለዋል። የእኅታቸው ካርድ ስልሳ ስምንት ነው።»

«ትርሐስ? ያቺ ስታስነጥስ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት?»

«እትዬ!»

«ተይኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በስንት ቀኗ ነው?»

«በሰማንያ።»

«ሰማንያ ቀን ብዙ ነው። በሰማንያ ቀን ጤፍ ይደርሳል» አለች ሐመልማል። ይህን ስትል ምን እንደምታደርግ ግን ራሷም አታውቅም ነበር። በማግሥቱ ቢሮ ሄዳ ለሰባ ስምንተኛው ቀን የልኬት ቀጠሮ ያዘች።

የቀጠሮ ወረቀቷን ይዛ የገባችው ግድግዳ ከምትጋራት ጎረቤቷ ከዘሐራ ቤት ነው። ዘሐራ አምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ካርዷ ሰማንያ ሦስት ነበር። በዚህም የተነሣ የሰፈሩን ሁሉ ጎመን የምታነሣ እርሷ ነበረች።

«ዘሐራ፣ በአላህ ንገሪኝ፤ ምን በልተሽ ነው?»

«አንቺ የበላሽውን።»

«ዱቄቱን ሳላጓድል እጠጣለሁ። ጫማዬን ከአንቺ ይልቅ እጠነቀቃለሁ። ታዲያ አንቺ ሰማንያ ሦስት፣ እኔ አርባ አንድ?»

«የወሎ ልጅ ነኛ!»

«እኔስ የት ተወለድኩ? ጨረቃ ላይ?»

ዘሐራ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ወዲያው ነፋስ ጫማዋን ከእግሯ አወለቀች፤ ጫማዎቹም ተንፈስፍሰው ወደ ጎን ወደቁ። መስገጃዋን በወለሉ ላይ ዘረጋችና በባዶ እግሯ ቆመችበት። ሐመልማል በድንጋጤ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። ያረጠች ሴት ያለ ጫማ ስትቆም ካየች ስንት ዘመኗ! ዘሐራ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ በግንባሯ ተደፋች፣ ተነሣች፣ ደግማ ተደፋች። ጉልበቷ ወለሉን በነካ ቁጥር ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያው ላይ ይንኳኩ ነበር።

ሰግዳ እንደጨረሰች ሐመልማል በሹክሹክታ «ቢሮው ቢሰማ?» አለቻት።

«ምን ሊያደርገኝ? የጫማውን ደንብ አንብበሽ አታውቂም? አምልኮ የሚፈጸምበት ስፍራ ነጻ ነው። ይህ መስገጃዬ አንድ ሜትር ከሃያ በሰባ፣ በቁጥር የተመዘገበ የአምልኮ ስፍራ ነው። ከዚህ አንድ ስንዝር ብወጣ እቀጣለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሙሉ ስልሳ አምስት ኪሎ ነኝ።»

«በቀን ስንት ጊዜ ትደፊያለሽ?»

«አሥራ ሰባት ረከዓ ነው፤ በግንባር መደፋቱ ብቻ ሠላሳ አራት። በፈቃድ የሚሰገደውን ሱና ሳልቆጥር።»

ሐመልማል ተቀምጣ አሰበች። ሐኪሞቹ እንደሚሉት ያ ደም ከቆመ በኋላ አጥንት ከውስጡ እንደ ማር እንጀራ መቦርቦር ይጀምራል፤ ዱቄቱም ቦርቧራውን ይሞላል። ነገር ግን ዱቄቱ እንደ ግንበኛ ነው፤ የት ላይ መገንባት እንዳለበት የሚነግረው ጫናው ነው። ጫማው ጫናውን ሁሉ ተሸክሞ ሲወስድበት፣ ግንበኛው ጭቃውን እንደ ተሸከመ ቆሞ ውሎ ይመለሳል። እርሷ ሰባት ዓመት ሙሉ ግንበኛ እየቀጠረች ሥራ ከልክላዋለች።

«ዘሐራ!» ብላ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጫማዋን ዘንግታ ነበርና ጣሪያውን በአናቷ መታችው።

በማግሥቱ ማለዳ ሐመልማል በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ቀድሞም በበዓል ቀን ትመጣ ነበር፤ ነገር ግን «ጉልበቴን አሞኛል» እያለች ከደጀ ሰላሙ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከጫማዋ ሳትወጣ ነበር የምትመለሰው። አሁን እግሯ ድንጋዩን ሲነካ ምድር ከታች ተነሥታ የመታቻት መሰላት። ስልሳ ሁለቱ ኪሎ አንድ ላይ መጣባት። ትከሻዋ ከበዳት፤ ጉንጯ እንኳ ከበዳት። «ይህን ሁሉ ተሸክመን ነበር የምንሄደው?» ብላ አሰበችና ሣቋ መጣባት።

ወደ ውስጥ ገብታ የመጀመሪያዋን ስግደት በቀላሉ ወረደች። መነሣቱ ግን አልሆነላትም። በግንባሯ እንደ ተደፋች ቆየች፤ ቆየች። የነፍስ አባቷ መምሬ ኅሩይ ከቅኔ ማኅሌት ሲወጡ አይተዋት፣ እንዲህ ያለ ተመስጦ በዚህ ዘመን መኖሩ እያስደነቃቸው በአጠገቧ በጥፍራቸው አለፉ። ተመልሰው ሲመጡ አሁንም እዚያው ናት።

«ልጄ» አሏት ዝቅ ብለው፣ «ጸሎትሽን ላቋርጥሽ አልፈለግሁም...»

«አባቴ» አለች ድምፅዋ ከምንጣፉ ውስጥ እየወጣ፣ «ያንሡኝ።»

በሦስተኛው ቀን አምስት ሰገደች። በአሥረኛው ቀን አርባ አንድ ሞላች። ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለምና በእነዚህ ቀናት ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆማ ታስቀድሳለች። ወሩ ሲያልቅ በየማለዳው ሁለት መቶ ደረሰች። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ገመድ መኪናዋ ስትሄድ አንዳች ፈንጠዝያ ያዛት። አጥንቷ ከውስጥ የሚዘምር መሰላት። ተሳፋሪዎቿን «ወደ ጦሳ የምትሄዱ ግቡ!» ስትል ድምፅዋ ከታች ሰኞ ገበያ ድረስ ይሰማ ጀመር።

ነገር ግን በሰው ዓይን ገባች። ሁለት መቶ ስግደት ያለ ምክንያት አይሰገድም። በአገራችን እንዲህ የሚሰግድ ሰው ከባድ ቀኖና የተቀበለ ነው፤ ከባድ ቀኖና የተቀበለም ከባድ ኃጢአት የሠራ ነው። ሰፈሩም ኃጢአቱን ለማግኘት ታጥቆ ተነሣ። አንዳንዶቹ የሰው ትዳር አፍርሳለች አሉ። አንዳንዶቹ ንዋየ ቅድሳት ሸጣለች አሉ። በመጨረሻ ግን ሁሉም ባሏን ገድላለች በሚለው ተስማሙ። ሟቹ በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ሐኪሞች ከብበውት፣ በሳንባ ምች መሞቱን የቀበሩት ሁሉ ያውቃሉ። «ታዲያ ያን የሳንባ ምች ማን ሰጠው?» ይላሉ።

ወሬው ሲዞር ከኖላዊት አማት ቤት ደረሰ። በአርባኛው ቀን ኖላዊት ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እትዬ፣ አማቴ ‹ነፍሰ ገዳይ የልጅ ልጄን አታነሣም› ብለዋል።»

«ማንን ገደልኩ አሉ?»

«ጋሼ ይርጋለምን።»

ሐመልማል ሣቋ አመለጣት። ብትሥቅም ጉዳዩ የሚያሥቅ አልነበረም። እውነቱን ብትናገር፣ ስግደቷ ለአምልኮ ሳይሆን ያለ ፈቃድ አጥንቷን ጫና ለማሸከም መሆኑ ከቢሮው ጆሮ ይደርሳል፤ ካርዷ ይነጠቅና የቤቷ ግድግዳ ሳይቀር በጥጥ ወደሚለበጥበት ምድብ ትወርዳለች። ዝም ብትል ደግሞ ገዳይ ሆና ትቀራለች። ከሁለቱም መንገድ ሕፃኗ ወደ ትርሐስ እቅፍ ትሄዳለች።

መምሬ ኅሩይ ዘንድ ሄደች።

«ልናዘዝ መጥቻለሁ፣ አባቴ።»

መምሬ ኅሩይ ወሬውን ሰምተው ነበርና መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ተናገሪ ልጄ። የእግዚአብሔር ምሕረት ከሁሉ ይበልጣል። ሆነሽ ብለሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?»

«ሆኜ ብዬ ነው። የምሰግደው ለአጥንቴ ነው።»

«ለምንሽ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የዘሐራን መስገጃ፣ የዱቄቱን ግንበኛ፣ ሰማንያውን ቀን አልደበቀችም። መምሬ ኅሩይ መጀመሪያ መስቀላቸውን ወደ ጉልበታቸው አወረዱ። ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ጥምጣማቸው እስኪወርድ ድረስ ሣቁ።

«ኃጢአት ነው እንዴ አባቴ?»

«እኔ እንጃ! ለአጥንት ስለ መስገድ የተጻፈ አላየሁም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ብቻ ስትሰግጂ ምን ትያለሽ?»

«ቁጥር ነዋ የምለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በቁጥሩ ፈንታ ‹እግዚኦ› በይ፤ እኔ እቆጥርልሻለሁ። ቀኖናም ሰጥቼሻለሁ፤ በቀን ሦስት መቶ። አሁን የሰጠሁሽ ንስሐ ስለሆነ ቢሮም ሆነ ሌላ ሊነካሽ አይችልም።»

«ለምን ኃጢአት ይሆን?»

«ለውሸት። ‹ጉልበቴን አሞኛል› እያልሽ ስንት ዓመት ተቀመጥሽ?»

ከዚያ በኋላ የሆነው በመምሬ ኅሩይ ጥፋት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጥተው «ሐመልማል ምን አድርጋ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። የንስሐ ምሥጢር አይነገርምና፣ አሰላስለው «በእርሷ ከመፍረድ እናንተም እንደ እርሷ ብትሰግዱ ይጠቅማችኋል» አሏቸው። በቀጥታ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ሴቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። መምሬ የእያንዳንዳቸውን ኃጢአት በሚገባ ያውቃሉ።

በማግሥቱ ሠላሳ ሴቶች ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። በሳምንቱ መቶ ሃያ ሆኑ። ባዶዎቹ ነፋስ ጫማዎች በደጀ ሰላሙ ተደርድረው ሲተነፍሱ እንደ በግ መንጋ ይሰሙ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ወደ ሌሎቹ አጥቢያዎች ተሻገረ። የዘሐራ ጓደኞች ደግሞ ይህን አይተው «ክርስቲያኖቹ ሊበልጡን ነው» በማለት ሱናውን እጥፍ አደረጉት። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው የከተማው መሣሪያ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ድመት ጥርስ የመሰለች መሥመር መሳል ጀመረ። ባለሙያዎቹም ከአዋሽ ሸለቆ የመጣ ነው ብለው ጻፉ።

የነፍሰ ገዳይነቱ ወሬ በዚሁ ቀረ። መቶ ሃያ ሴት ሁሉ ባሏን ልትገድል አትችልም፤ ብዙዎቹ ባሎች ከውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበርና። የኖላዊት አማት ራሳቸው በቀን ስልሳ ይሰግዱ ጀመር። «ቁጥሯ ይሙላላት እንጂ ሐመልማል ታንሣት» ብለውም ለኖላዊት ቃላቸውን ሰጡ።

ሰባ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሐመልማል ወደ አጥንት ጥበቃ ቢሮ የገባችው እየዘፈነች ነው። የቢሮው ወረፋ ግን ከበር አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሴቱ ሁሉ ሊለካ መጥቷል። አንዷ ጉልበቷን፣ አንዷ ተረከዟን እያሳየች ትፎክራለች። አንዲት ሴትዮ ከወረፋው ወጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ «እዩኝማ!» ብለው ከደረጃው ሲዘሉ ጥበቃው ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ለኪው አቶ ናሆም አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ የሚጨነቅ ሰው ነው። ተረከዟን መሣሪያው ላይ አስቀመጠችለት። መሣሪያው አፏጨ። አቶ ናሆም ቁጥሩን ሁለቴ አነበበ።

«ንገረኛ!»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ስልሳ ስምንት?»

«ሠላሳ። ሠላሳ ስምንት፣ እትዬ።»

ሐመልማል ፊቷ ባዶ ሆነ። «ቀነሰ? ከአርባ አንድ ቀነሰ? በዚህ ጉልበት?»

«አጥንትዎ አልቀነሰም» አለ አቶ ናሆም ዝቅ ባለ ድምፅ። «አጥንትዎማ እንደ ሠላሳ ዓመት ሴት ሆኗል፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ለውጥ አላየሁም። ነገር ግን የካርዱ ቁጥር የአጥንት መጠን አይደለም። በዕድሜ ከሚመስሉዎት መቶ የከተማው ሴቶች ስንቱን እንደሚበልጡ ነው የሚያሳየው። እርስዎ ጨመሩ። እነሱም ጨመሩ።»

«እነማን?»

አቶ ናሆም በመስኮቱ ወደ ወረፋው አመለከተ።

ሐመልማል ወረፋውን አየች። እነዚያን ሁሉ ሴቶች ያስነሣቻቸው እርሷ ናት። ዞር ብላ እንዲህ አለች፦ «እንግዲያ ሁላችንም ብረት ብንሆን?»

«ከመቶው ስልሳው ፈቃድ አያገኝም።»

«ድንጋይ ብንሰብር?»

«ስልሳው አያገኝም።»

«ይህን ሴቶቹ ያውቃሉ?»

«ጠይቆ የሚያውቅ የለም» አለና አንገቱን ደፋ። «እናቴ ዛሬ ጠዋት ቁም ሣጥን ብቻቸውን ገፍተው አዛወሩ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ‹ናሆም፣ መስኮቱን ሸፍኖብኝ ነበር› አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

ሐመልማል ከወንበሩ አልተነሣችም። ኖላዊት ትታወሳታለች፤ የሰላማዊት ቃል ትታወሳታለች። «ድገመው» አለች። «አዲስ ቅጽ አውጣና ከመጀመሪያው ድገመው። መብቴ ነው።»

መብቷ ነበር። አቶ ናሆም አዲስ ቅጽ ከፈተ። ከውጭ ያሉት ሴቶች በሩን ይደበድባሉ፤ አንዷ «ወይ እኛን ለካን፣ ወይ አንተን እንለካሃለን!» ትላለች። ተጣድፎ ስሟን ጻፈ።

«የተወለዱበት ዘመን?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት።»

ጻፈ። ተረከዟን አስቀመጠች። መሣሪያው አፏጨ።

«ስልሳ ሰባት» አለ አቶ ናሆም። ከዚያ ወዲያው ብድግ አለ። «አይ፣ አይ! ተሳስቻለሁ። ይህ መሣሪያ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛን ዓመት ዞር አድርጎ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። እኔ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባትን እንዳለ አስገባሁት። የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት አደረግኩዎት። ከስልሳ ስድስት ዓመት ሴቶች ጋር ነው ያወዳደረዎት። ይቅርታ፣ አሁን ላስተካክ—»

«እጅህን አንሣ!»

«እትዬ፣ ስሕተት ነው።»

«እንዳትነካው አልኩህ!»

አቶ ናሆም እጁን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠና በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። «ካርዱ ከታተመ በኋላ» አለ፣ እያንዳንዷን ቃል እየመዘነ፣ «የልደት ዘመን የሚታረመው ባለጉዳዩ አቤት ሲል ብቻ ነው።»

«አቤት አልልም።»

«ያስቡበት። ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም መዝገብ ስልሳ ስድስት ዓመትዎ ነው። የከንፈር ወዳጅ ቢመጣ እንኳ መዝገቡ ይነግረዋል።»

«ይንገረዋ!»

«የገመድ መኪናው ጡረታ ደግሞ በስልሳ አምስት ነው።»

ይህን ሐመልማል አላሰበችውም ነበር። ጦሳ በመስኮቱ በኩል ይታያል። አንዲት ቀይ ሳጥን በገመዱ ላይ ወደ ጭጋጉ ስትገባ አየች፤ ያቺ የእርሷ ነበረች። በየማለዳው ደመናውን ሰንጥቃ ስትወጣ፣ ከተማይቱ ከእግሯ በታች እንደ ምጣድ ላይ ቆሎ ስትንጫጫ የምትሰማባት። ስምንት ዓመት በአንድ ስሕተት ከእጇ ሊወጣ ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ላይ ጫማ የማይሸከምላት ነገር ተቀመጠባት።

ካርዱን ከአቶ ናሆም እጅ ወሰደች።

«እማማ በለኝ» አለችው፣ «ልልመደው።»

ዘሐራ ነገሩን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በሁለት እጇ የሐመልማልን ጉልበት ይዛ፣ «እናቴ፣ በዕድሜዎ ይመርቁኝ!» አለች። ሐመልማል በትራስ ወረወረቻት። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሣቁ፤ ከዚያ ሐመልማል ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ ደግመው ሣቁ።

በሰማንያኛው ቀን ማለዳ የደብሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ካርዱን ተቀብሎ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «የክርስትና እናት፣ ወይዘሮ ሐመልማል ተሾመ፣ ዕድሜ ስልሳ ስድስት፣ የማንሳት ፈቃድ ያላት።» በሕዝቡ መካከል ጉርምርምታ ሆነ። «ኧረ አይመስሉም!» አለ አንዱ። «ምን ተቀብተው ነው?» አለች ሌላዋ። ሐመልማል ቀና ብላ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም።

ኖላዊት ልጇን ሰጠቻት። አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ ነበረች። ሐመልማል ሁለት እጇን ዘርግታ ስትቀበላት ክብደቱ በክንዷ ገብቶ፣ በትከሻዋ አልፎ፣ በጀርባዋ ወርዶ፣ በዳሌዋ ተሻግሮ፣ እስከ ተረከዟ ድረስ ወረደ። ያለፈበትን አጥንት ሁሉ አንድ በአንድ አወቀችው። ሁሉም በየቦታው ነበር። ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ እምነቷን መሰከረች። መምሬ ኅሩይ ሕፃኗን ተቀብለው ሦስት ጊዜ ከውኃው ሲነክሩ፣ ሕፃኗ እስከ ዛሬ በደሴ ያልተሰማ ጩኸት ጮኸች፤ በመምሬም ልብሰ ተክህኖ ላይ ሽንቷን ሸናች። «ወለተ ማርያም» ብለው ሰይመው እርጥቧን መልሰው ለሐመልማል ሰጧት። ከአጥሩ ውጭ ቆማ የምትጠብቀው ዘሐራ ከሁሉ ቀድማ እልል አለች።

ቅዳሴው ረዘመ። ሐመልማል ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ክንዷ እየዛለ ቢሄድም መዛሉ ራሱ ደስ አሰኛት። በመጨረሻ ሕዝቡ ወደ ደጅ ሲወጣ የኖላዊት አማት እኅት ወይዘሮ ትርሐስ በሕዝቡ መካከል ተሹለክልከው መጡ። ባለፈው ሐምሌ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ዝቅ ብለው፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ይሸከማሉ? ይስጡኝ ልያዝልዎት» አሉ።

ሐመልማል አየቻቸው። ከእርሷ ሦስት ዓመት ይበልጣሉ። ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና በደረቷ ላይ አስተካክላ አስተኛቻት።

«ተይ ልጄ» አለቻቸው፣ «አንቺ ገና ነሽ፤ ይከብድሻል።»

ብላም በሕዝቡ መካከል አለፈች።